የእማዬ መኝታ ቤት አበቦች

ዲላ፣ የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ጋሼ እንዴት ሰነበትክ? የፍስሐ ገነት ብርድ ጉልበትህ ላይ አልጠናም? እትዬስ ደህና ናት? ልጅህ ሀኒ መታጨቷን ከሰው ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ከአንተ ብሰማው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ።

በታኅሣሥ መጥተህ የእማዬን መኝታ ቤት ሳሳይህ ብዙ አልተነጋገርንም። ቤቱ ለቡና መጋዘን ይከራይ፣ አንቺም እኛ ጋ ነይ ብለኸኝ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሄድክ። የዚያን ቀን ያልጨረስኩትን አሁን ልንገርህ።

የማበቅለው ክሪሳንተመም የሚባለውን፣ ለሠርግም ለቀብርም የሚሆነውን አበባ ነው። ሐምራዊ መስሎ ያየኸው መብራት ቀይና ሰማያዊ ኤልኢዲ ተቀላቅሎ ነው። ሰማያዊው ችግኙን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፤ ማበቢያው ሲደርስ ግን ቀዩን አበዛለታለሁ። መጀመሪያ ነጭ አምፖል ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ ተመዝዘው እንደ ክር ቀጠኑ። ቀጥዬ እነዚህን ከመርካቶ አስመጣሁና አንድ ስንዝር እስኪቀር ባወርዳቸው የቅጠሉ ጫፍ ነጣ። ሁለት ስንዝር ላይ ተስማማቸው። ተክሉ ባደገ ቁጥር ገመዱን ከፍ አደርጋለሁ፤ ዳር ያሉትንም ወደ መሀል አመጣለሁ። ዋናው ግን ጨለማው ነው። ቀንና ሌሊቱን እኩል ከፍለው፣ ግማሹን ድፍን ጨለማ ካላገኙ እንቡጥ አይዙም። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ የሸፈንኩት፣ ቁልፉንም ከአንገቴ የማላወልቀው ለዚህ ነው። ከአንተ በቀር ያስገባሁት ሰው አልነበረም።

ጥር በገባ በሳምንቱ ሦስት ፖሊሶች የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው መጡ። ሀሺሽ ታበቅላለች ተብለሻል አሉኝ። አለቃቸው ሳጅን ደመላሽ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። የጥቆማውን ወረቀት እያየ፣ ከጓዳው ቀጥሎ ያለው ክፍል፣ አራት መብራት፣ በሰማያዊ ገመድ የተሰቀለ ብሎ ሲያነብ አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጥኩት። ፖሊሶቹን ፈርቼ አልነበረም።

ቁልፉን አውልቄ ከፈትኩላቸው። እንቡጡ የፈነዳው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ነጩም ቢጫውም ክፍሉን ሞልቶታል። ሳጅኑ አንዱን ቅጠል አሽትቶ፣ ይሄማ እህቴ ስትዳር ይዛው የነበረው አበባ ነው አላቸው። ፈትሸው ፈርመው ሲወጡ እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በሐሰት የጠቆመብሽን መክሰስ ትችያለሽ አለኝ።

«ስሙን እንዳትነግረኝ» አልኩት።

ቆቡን አድርጎ ሄደ።

ጎረቤቱ ለጊዜው ሰላምታ ነሣኝ። ኋላ እትዬ የሺሃረግ ለልጇ ሠርግ አበባ አጥታ እያፈረች መጣች፤ ከመሀሉ የተሻለውን ቆርጬ ሰጠኋት። ከእሷ ወዲህ ሁለት ሠርግ አስጌጥኩ፤ የአንድ መምህር ቀብር ላይም ጉንጉኑ የእኔ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ዙር ተክያለሁ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀንም ባትሪ ገዝቻለሁ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቤቱን አልለቅም። ይህን የምልህ በቁጣ አይደለም። የሀኒን ሠርግ አበባ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳታናግር። ቀለሙን ከእሷ ጋር መጥታችሁ ምረጡ፤ ምሳ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ። ወደፊት ደግሞ በእኔ ነገር ሐሳብ ሲገባህ ለእኔው ንገረኝ። አልቀየምህም፤ አሁንም አልተቀየምኩም።

ጌታ እድሜህን ያርዝመው፣ ቤትህን በሰላም ይሙላው። የልጅህን ልጅ ለማቀፍ ያብቃህ።

አባት ሆነህ ያሳደግካት
እህትህ