ከወለል ሲነሳ

ልጄ፣ ጤናሽ እንደ ናፍቆቴ ይብዛልሽ።

እኛ ደህና ነን። ልጅሽ አምስት ዓመት ሞላው፤ ወሬኛ ሆኗል። ትናንት የማስተማሪያ መጽሐፌን ገልጦ ስለ ጡንቻ ጠየቀኝ። ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን የጡንቻን የውስጥ ክሮች ከሽፋኑ ጋር እንደሚያያይዝ፣ እሱ ከጎደለ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ሽፋኑ እንደሚቀደድ ነገርኩት።

«ታዲያ በጫማዬ ክር እሰሪው፣ አያቴ» ብሎ ሳቀብኝ።

ብቻ ከወለል የሚነሳው ጭኑን በእጆቹ እየተደገፈ፣ በገዛ እግሩ ላይ እየወጣ ነው። ምንጣፉን አነሳሁ፤ ጫማውንም ለወጥኩለት፤ ያው ነው። ነፍሱን ይማረውና ወንድምሽም በዚህ ዕድሜው እንዲሁ ይነሳ ነበር።

ፈቃድ ጠይቂና ነዪ፤ ዛሬ ነገ አትበዪ። ስትደርሺ ከበር ሆነሽ «ና» አትበዪው፤ አንቺው ሄደሽ ጎንበስ በዪለት።

ሳምኩሽ፣
እናትሽ