በአሰልጣኞች ዝርዝር ላይ ስማቸው የሌለው አቶ ዊልፍ አስከው

ከብራክንሾ ታውን እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር የወጣ

የክለባችን የረጅም ዘመን ምክትል አሰልጣኝ፣ አራት ጊዜም ጊዜያዊ አሰልጣኝ የነበሩት አቶ ዊልፍ አስከው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሐዘን ጥልቅ ነው። በሐዘኑ ውስጥ ክህደትም አለበት፤ የማን ክህደት እንደሆነ ከታች ተገልጿል።

ክለቡ በበኩሉ ያወጣው መግለጫ ሁለት መስመር ናት። "የቀድሞ ሠራተኛችን" ትላቸዋለች። በዚያው ሳምንት በተሸጠው የጨዋታ መጽሔት ላይ ከ1921 ጀምሮ ክለቡን የመሩ አሥራ ዘጠኝ አሰልጣኞች ስም ተዘርዝሯል። ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ መርቶ የሄደ ሰው ሳይቀር አለበት። አቶ ዊልፍ የሉበትም። የክለቡ ልማድ ጊዜያዊ አሰልጣኝን አይቆጥርምና እርሳቸው የመሯቸው ሃምሳ አንድ ጨዋታዎች ባለቤት አልባ ናቸው። ሟች በሥራ ዘመናቸው አጥብቀው የፈለጉት አንድ ነገር ቢኖር ከነዚያ ስሞች አንዱ መሆን ነበር።

በ1971 በግራ መስመር ተከላካይነት ክለቡን ተቀላቀሉ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው የተጎዳ ተጫዋች የሚያክሙበትን ባልዲና ስፖንጅ ይዘው ሜዳ ዳር ቀሩ፤ ቆይተውም ምክትል አሰልጣኝ ሆኑ።

በ1979 ዋናው አሰልጣኝ በገና ማግስት ጨዋታ አምስት ጎል ገብቶባቸው ካፖርታቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። አቶ ዊልፍ አሥራ ሁለት ጨዋታ መርተው ክለቡን ከመውረድ አዳኑት። ሲጨርሱም ጠረጴዛውን ወልውለው ለአዲሱ አሰልጣኝ ቁልፉን ያስረከቡት ራሳቸው ናቸው።

በ1983 የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ሆልሮይድ ማክሰኞ ዕለት ለጋዜጣ "በአሰልጣኛችን ላይ ሙሉ እምነት አለን" አሉ። ብራክንሾ ውስጥ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። አሰልጣኙ ሐሙስ ተሰናበቱ። አቶ ዊልፍ ስምንት ጨዋታ መሩ፤ አሁንም ቁልፉን አስረከቡ።

በ1988 አሥራ አራት ጨዋታ መርተው ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን አሳደጉን። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ሌላ ሰው ተሾመ። ለድሉ መታሰቢያ በተነሳነው ፎቶግራፍ ላይ ዋንጫውን ታቅፎ መሃል የተቀመጠው ያ ሰው ነው።

በ1994 ደግሞ ከአሥራ ሰባት ጨዋታ የተሸነፉት ሁለቱን ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ "ከእሳቸው ሌላ አንፈልግም" ብለው ነበር። ቦርዱ ግን ግንቦት ላይ ስመ ጥር ሰው አመጣ። ያ ሰው የራሱን ምክትል ይዞ ስለመጣ አቶ ዊልፍ ከሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ተሰናበቱ። ስመ ጥሩም ዘጠኝ ጨዋታ መርቶ መስከረም ሳይወጣ ሄደ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ወረድን። አቶ ዊልፍ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ሜዳ ሣር ሲያጭዱ ኖሩ።

ይህ ማኅበር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ "ቦርዱ ከዳቸው" ሲል ኖሯል። ጉሮሯችን እስኪዘጋ "ሆልሮይድ ውጣ!" ብለን ጮኸናል። ባንዲራ ላይ ጽፈናል። አቶ ሆልሮይድ በ2006 እስኪሞቱ ድረስ ገበያ መሃል ሰላምታ የነፈግናቸው ሰው ነበሩ።

ለዚህ መግለጫ ቀኖቹን ሲያጣሩ የነበሩት ምክትል ሊቀመንበራችን ወይዘሪት ሳሚና ረሺድ፣ በማኅበሩ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የአንድ ደብዳቤ ቅጂ አገኙ። በግንቦት 1994 ከእኛ ለቦርዱ የተጻፈ ነው። ቦርዱ አቶ ዊልፍን በቋሚነት ለመሾም አስቦ የደጋፊውን አስተያየት ጠይቆ ነበር። የሰጠነው መልስ እንዲህ ይላል፦ "አቶ አስከው ደግ ሰው ናቸው። ብራክንሾ ግን ስም ያለው አሰልጣኝ ይገባዋል። እርሳቸው ከተሾሙ አባሎቻችን ስታዲየም እንዳይገቡ እንመክራለን።" ከሥሩ ዘጠኝ ፊርማ አለ።

ወይዘሪት ሳሚና ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። "ክሊፍ፣ ይሄ ያንተ ፊርማ አይደል እንዴ? ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ሆልሮይድን ስትሰድቡት የኖራችሁት በምን አፋችሁ ነው?" አሉ። ክሊፍ ኦግደን የማኅበሩ ጸሐፊና የዚህ መግለጫ አርቃቂ ነው። "ረስተነው ነው" ለማለት ዳድቶን ነበር። አልረሳነውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ሰውየውን አቃለልናቸው። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረግን። እናፍራለን።

እውነቱን ለመናገር ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ኢኒድ አስከው ቤት ሄድን። አንገታችንን ደፍተን ተናግረን ስንጨርስ፣ ወይዘሮ ኢኒድ እንዲህ አሉን፦

"አሁን እኔን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ? ሆልሮይድ እኮ ደብዳቤውን ያኔውኑ ለዊልፍ ሰጥቶታል። እዚችው ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አነበበልኝ፤ የእያንዳንዳችሁን ስም።"

ለምን ዝም እንዳሉን ጠየቅን።

"ዊልፍ ነዋ! 'ራሳቸው ይነግሩኛል፣ ጊዜ ስጫቸው' ይለኛል። ጉባኤያችሁ በደረሰ ቁጥር ክራባቱን አስሮ ይወጣል። እሱ ስብሰባ መቼ ይወድ ነበር? ሲመለስ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። 'እህስ?' እለዋለሁ። 'ዘንድሮም አልነገሩኝም' ይለኛል።"

የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ እንደሚያሳየው አቶ ዊልፍ አስከው በሃያ አምስት ጠቅላላ ጉባኤዎች ላይ ተገኝተዋል። በሃያ አምስቱም ሻይ ቀድተንላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጠን፣ ቦርዱ እንዴት እንደከዳቸው ነግረናቸዋል።

ስማቸው በአሰልጣኞች ዝርዝር ላይ ሃያኛ ሆኖ እንዲጻፍ ለክለቡ አመልክተናል። ክለቡ ልማዱን እንደማይለውጥ በማግስቱ አሳውቆናል። ጥያቄያችን ሃያ አምስት ዓመት የዘገየ ስለሆነ ብዙ መቆጣት አልቻልንም።

ለወይዘሮ ኢኒድ፣ ለልጃቸው ለማርጄሪ፣ በእርሳቸው ሥር ለተጫወቱትና አብረዋቸው ለሠሩት ሁሉ ሐዘኑ እንዲቀልላቸው እንለምናለን። ቀብራቸው ዓርብ በአምስት ሰዓት በቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ወይዘሮ ኢኒድ የማኅበሩ አባላት መምጣት እንደሚችሉ ፈቅደዋል፤ ስለ ቦርዱ ማንም አንድ ቃል እንዳይተነፍስ ብቻ አደራ ብለዋል።