የእናኑ ላንቃ

ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ዛሬ ልጄን እናኑን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው፤ ታንኮራፋለች፤ ክፍል ውስጥም እንቅልፍ ይጥላታል። አማቴ በሕፃንነቷ ያስቆረጧት እንጥል መልሶ አድጎ ነው ብለው ሰባታሚት መንደር ያለችውን እንጥል ቆራጭ ለእሑድ ቀጥረዋታል። እኔ ምላጩን ፈራሁ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ነርሷ አስተረጎመችልን። እንጥሏ ያኔ እንደተቆረጠ ነው፣ ምንም አላደገም አለ። ችግሩ ላንቃዋ ነው፤ ስለጠበበ ጥርሷ ተደራርቧል፣ ከላዩ ያለው የአፍንጫዋ መተላለፊያም ጠቧል። ላንቃውን ቀስ በቀስ የሚያሰፋ ሽቦ አለ፤ እሱ ቢገባላት በአፍንጫዋ መተንፈስ ሊቀላት፣ እንቅልፏም ሊሻላት ይችላል። የሚሠራው ግን አዲስ አበባ ነው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ይሰጠኝ እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ለአማቴ ነገርኋቸው። እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲያ ያኔ ያን ሁሉ ያለቀሰችው በከንቱ ነዋ?» አሉኝ።



እንዝርታቸውን መልሰው አነሱና፣ «ለዚያች ሴትዮ እሑድ አትምጭ ብለሽ ላኪባት» አሉ።