አባትሽ የሚያወጉት እንግዳ

ይድረስ ለምናፍቅሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የሐዋሳው ሙቀት ተስማማሽ ወይ? እኛ እመቤቴ ትመስገን አለን። ዘንድሮ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንት ይሰብራል እንጂ ገብሱስ ደህና ገባ፤ ጎረቤታችን ወርቁ ከነልጆቹ መጥቶ አጨደልን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ካጠገቤ ስለማይርቁ ነው። ሕመማቸውን ታውቂያለሽ፤ እኔ የከረምኩበትን ግን አታውቂም። ካቻምና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው አልን። ቀጥሎ እግራቸው ደጃፍ ላይ ተተክሎ ይቀር ጀመር። ኋላ ፊታቸውም ደረቀ፤ ባጫውታቸው አይስቁ፣ ባለቅስ አይደነግጡ። የተቀየሙኝ መስሎኝ፣ ሁለት ሆነን አንድ ቤት ውስጥ ብቻዬን ኖርኩ።

ዶክተሩ ነው ፓርኪንሰን ይባላል ያለኝ። የአንጎላቸው ክፍሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት መስመር ታውኮ እንጂ ፍቅራቸውስ እንዳለ ነው አለኝ። ለመላላኩ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ስላነሰ ክኒኑ እሱን ይተካል። እውነትም ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ እስከ ቤተ ክርስቲያን መራመድ ቻሉ። አንድ ጧት እኔን አይተው ፈገግ አሉ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እየዋለ እያደረ የክኒኑ ኃይል ቶሎ ቢያልቅባቸው ዶክተሩ መጠኑን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ሲሆን ወንድምሽን ይርጋን ያዩታል። ጢም ሳያበቅል የርብ ወንዝ ሞልቶ የወሰደብንን ይርጋን። መደቡ ላይ መጥቶ ይቀመጣል ይላሉ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ያወጉታል። ለእኔ የሚታየኝ ባዶ መደብ ነው።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋቸው።

«ጢም አብቅሏል፤ አንቺን ነው የሚመስል» አሉኝ።

ባለፈው ቀጠሮ ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶ፣ የሌለ ነገር ያያሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሚያዩ ከሆነ ሳይብስ ክኒኑን መቀነስ አለብን፤ እግራቸው መልሶ ቢተሳሰርም ማየቱ ይተዋቸዋል አለ።

«ምንም አያዩም» አልኩት።

አትቆጪኝ። እንደሚጎዳቸው ይገባኛል። ቀጠሯችን ጥምቀት እንዳለፈ ነው፤ ከቻልሽ ነይና አብረሽን ግቢ። ለዶክተሩ አንቺ ንገሪው፤ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም።

ትናንት ሳጥን ውስጥ የነበረውን ደህናውን አጎዛ አውጥቼ መደቡ ላይ አነጠፍኩት። አባትሽም «ተመችቶታል» አሉኝ።

የታቦሩ ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትሽ