አሸዋው ላይ የቀረው መልእክተኛ

ካርቱም፣ ቡሪ
ሰኔ ፲፯ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት
ሰማዩ አቧራማ፤ ነፋስ ከደቡብ

ለምወድሽ ልጄ ለናርዶስ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እዚያው ጂዳ የምትሠራው ውዴ ናት። ልጆቿን አይታ ወደ ጂዳ ስትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆነው። ስልኩ ይሠራል፤ ግን የምጽፍልሽ ነገር በስልክ የሚባል አይደለም።

ጥፋቴን ላስቀድም። ባለፈው ስትደውዪ «ሚልዮን ሶባ የግንባታ ሥራ አግኝቶ እዚያው ያድራል» ያልኩሽ ውሸት ነው። ልጅሽ ግንቦት ሃያ አምስት፣ እሑድ፣ ፀሐይ ስትገባ ከቤት ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ውሸት ሳርም ኖሬ በስተርጅና ለገዛ ልጄ ዋሸሁ። አሁን እውነቱን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁና ተቀምጠሽ አንብቢው።

ዘምዘምን ታስታውሺያታለሽ፤ የጎረቤታችን የሀዋ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው በሰልፉ ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትታ ስለነበር፣ ከጓደኞቿ የተማረችውን ጨዋታ ወደ ቤታችን አመጣችው። ካርታም ሉዶም አይደለም። እሷ ተረት ታወራለች፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆኑና ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካላቸው አይሳካላቸው እንደሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዘህር፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ይጣልና በወጣው ቁጥር ይለያል። ሚልዮን መልእክተኛ ሆነ። ገብረየስ ደግሞ ግመል ነጂ። ገብረየስ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ተራው እስኪደርሰው አርካዊት ሰፈር ብሎኬት እየተሸከመ የሚያድር የአገራችን ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይበላ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ልብስ እየጣፍኩ አዳምጣቸዋለሁ። ዘምዘም ያን ሁሉ በረሃ በአንድ ትንፋሽ አሻገረቻቸውና «ኻላስ፣ ደረሳችሁ» አለች። በስንት ቀን? አልኳት። አታውቅም። ጨረቃ ነበረች ወይ? አታውቅም። ውሃቸውስ በቃቸው? ሦስቱም ተያዩ። መርፌዬን ሰክቼ አዲስ ደብተር አወጣሁና መስመር አሰመርኩበት። የዚያ አገር ቀንና ሰማይ ጠባቂ የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነው።

ጎንደር ስማር ወይዘሮ ፍቅርተማርያም የሚባሉ አስተማሪ ነበሩን። በየጧቱ አንድ ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን አይተን እንድንጽፍ ያደርጉን ነበር። አንድ ቀን ከአልጋዬ ሳልወርድ የጻፍኩትን ዐወቁብኝ። በማስመሪያው ጠርዝ ጣቴን መቱኝና «ያላየሽውን አትጻፊ፤ ያልታየ ቀን ባዶ ይቀመጣል እንጂ በግምት አይሞላም» አሉኝ። ያቺ ጣት ዛሬም ብዕር ስይዝ ታስታውሰኛለች።

ስለዚህ ለልጆቹም ሕግ አወጣሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለነገ ሰማይ እኔ ዘህር እጥላለሁ። አንድ ከወጣ ሀቡብ ነው፤ አቧራው ቀኑን ያጨልመዋል። ከሁለት እስከ አራት ከወጣ በላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ይሞላል። ከዚያ በላይ ሙቀት፣ ከዐሥራ ሰባት ጀምሮ ጥርት ያለ ሰማይ። የወጣው ይጻፋል፤ ሁለተኛ አይጣልም። ደግሞም እኛ ሳንጫወት የምናሳልፈው ቀን እዚያም ቀን ነው። የተውነው ሰው የተውነው ቦታ ላይ ሆኖ ፀሐይ ትወጣበታለች፣ ዝናብ ይመጣበታል።

አጉረመረሙ። ገብረየስማ «የእማማ ብርቅነሽ ሰማይ ከካርቱም ፖሊስ ይብሳል፤ ፖሊስ እንኳ ሲለምኑት ይሰማል» ይል ነበር። ግን ከወር በኋላ ውሃቸውን በቀን እየከፋፈሉ፣ ጥላ እየፈለጉ፣ በጨረቃ እየተጓዙ መጫወት ጀመሩ። ገብረየስ አንድ ሰው ለአምስት ቀን ስንት ጀሪካን እንደሚበቃው ደጋግሞ ይጠይቀኝ ነበር። ለጨዋታው እንዳልሆነ ገብቶኝ በትክክል አስልቼ እነግረው ነበር።

አሁን ወደዚያ እሑድ እመለሳለሁ።

ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዘምዘም ጾመኛ ስለሆነች እስከ ማፍጠሪያዋ ድረስ ተጫወቱ። በተረቱ ውስጥ ትልቅ ወንዝ ላይ ደርሰዋል። ሚልዮን ጀልባ ሊጠራ ብቻውን እየዋኘ መሐል ወንዝ ላይ ያለች የአሸዋ ደሴት ላይ ወጣ። አዛን ሲሰማ ዘምዘም አቆመች፤ እኔም የነገውን ሰማይ ጣልኩ። ሦስት ወጣ።

«እማማ፣ አንዴ ድገሚው። ማን ያይሻል?» አለኝ ሚልዮን።

«እኔ አያለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁን ታውቂዋለሽ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሠራዊቱ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ ከተቀመጡት ሰዎች ዘንድ፣ የመድኃኒት ድንኳን ውስጥ ተረኛ ነበር። ሚያዝያን ሙሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሄድ ከልክዬው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ሀዋ ቴምር ይዛ ስትገባ፣ በየመንገዱ ወታደር የጫኑ መኪኖች እየተሰበሰቡ እንደሆነ ነገረችንና «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ዛሬ ቅር» ብላ ለመነችው። ሚልዮን ዞሮ እኔን አየኝ። በዚህ ጉዳይ ምክር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«እማማ፣ ምን ትያለሽ? ልቅር?»

ናርዶስ፣ እኔ ደብተሩ ላይ «ሦስት፤ ወንዙ ይሞላል» እያልኩ እየጻፍኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

«ሰዓት ሰጥተሃል» አልኩት። «ሰዓት የሰጠ ሰው ደመና አይቶ አይቀርም።»

«ጠይብ፣ እሺ» አለ። የውሃ ጠርሙሱን ይዞ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ለዘምዘም «መልእክተኛዬን እንዳታሰጥሚብኝ» ብሏት ወጣ።

ጎህ ሲቀድ ከመምሪያው በኩል ተኩስ ሰማን። የዚያን ጧት ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። የእውነቱን ሰማይ የምጽፍበት ዓምድ ላይ ቦታው ባዶ ነው።

ሦስት ቀን ከቡሪ መውጫ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከገብረየስና ከዘምዘም ጋር ያልደረስንበት ቦታ የለም። በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የመድኃኒቱን ድንኳን የሚያውቁ ሁለት ልጆች አገኘን፤ ሚልዮን ቁስለኛ ተሸክሞ ወደ ወንዙ በኩል ሲሮጥ ማየታቸውን ነገሩን። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሰዎች ከዐባይ ሰው እየወጣ ነው ይላሉ። ውሃው መደፍረስ ጀምሯል፤ ቡናማው ከኛ አገር እየወረደ ነው። በየጧቱ ዳር ቆሜ አየዋለሁ።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን በሶባ መንገድ ካለ አንድ ሆስፒታል፣ ከወንዝ የወጣ፣ ስሙ ያልታወቀ ወጣት አስከሬን እንዳለ ሰማን። በሩ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ፤ አልገባሁም። ገብረየስ ክንዴን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «እርስዎ ይረፉ፤ እኔ አየዋለሁ» አለ። ብዙም አልቆየም። ሲወጣ ወደ ቧንቧው ሄደና እጁን ታጠበ፤ እንደገና ታጠበ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እሱ አይደለም» አለኝ።

በሀፍላው፣ በአውቶቡሱ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስንመለስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። እኔ አልጠየቅኩትም። ቤት ገብቼ ደብተሩ ጠርዝ ላይ «ታይቷል፤ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ገብረየስ ሄደ። ተራው ገና ከወር በኋላ ነበር። ሳይሰናበተኝ፣ ለዘምዘም ብቻ «እማማን ይቅር ይበሉኝ በይልኝ» ብሏት ሄደ። ስለ ምን እንደሆነ አልነገራትም። እግዚአብሔር በዚያ በረሃ ውሃውን ይጠብቅለት።

ሌላም የምናዘዘው አለኝ። በነዚህ ቀናት ሁሉ የሚጫወት ሰው ሳይኖር ከሰዓት በኋላ ዘህሩን መጣሌን አልተውኩም። የዚያን እሑድ የወጣው «ሦስት» ደሴቷን እስከ ወገቧ አጥልቋታል፤ መልእክተኛው ጫፏ ላይ ነው። ወንዙ አንድ ጊዜ እንደገና ከሞላ ይሰጥማል። እግዜር ይስጠው፣ ሙቀት ወጣ፤ ደግሞ ሙቀት፣ አንድ ቀን ሀቡብ፣ ደግሞ ሙቀት። ትናንት ሁለት ወጣ።

ቁጥሩን በጣቴ ሸፈንኩት። ከዚያ አነሣሁትና ደግሜ ጣልኩት። አራት። ደግሜ ጣልኩት። በስድስተኛው ዐሥራ ስምንት ወጣ፤ «ሰማዩ ጥርት ያለ» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል ዘምዘም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። መጥታ ዘህሩን ከእጄ ወሰደችና በዐረብኛ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ወደ ሆስፒታሉ ማለቷ ነው።

ዛሬ ጧት ማስመሪያ ይዤ ሁለቱንም መስመር ሰረዝኩ። የትናንቱን ሰማይ፣ እና የሰኔ ዐሥራ ሁለቱን። ገብረየስ ያየውን እኔ አላየሁትም። ያላየሁትን ጽፌ ነበር።

ራክሻው፣ ባጃጁ፣ ደጅ ቆሟል። ዘምዘም የሚልዮንን ነጭ ሸሚዝ አጥፋ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም። እኔ ዐይኔ ገና ደኅና ነው፤ መነጽሬንም ጠርጌዋለሁ።

አንቺ በሰው ወሬ ልቅሶ እንዳትቀመጪ፤ ጥቁርም አትልበሺ። ግን ፓስፖርትሽን ከአሠሪዎችሽ እጅ ዛሬውኑ ተቀበዪ። ፈቃድ ጠይቂ። ቢከለክሉሽም ጠይቂ።

«ልቅር?» ብሎ ጠይቆኝ እንደነበር ከእኔ ሌላ የሚነግርሽ ሰው ስለማይኖር ነው ራሴ የጻፍኩልሽ። ስትመጪ ያሻሽን ትዪኛለሽ፤ በሬ ክፍት ነው።

እመ ብርሃን በሰው አገር ከክፉ ዐይንና ከክፉ እጅ ትሰውርሽ። እግርሽ የሚረግጠው መሬት ይጽናልሽ። ከአብራኬ የወጣሽ አንቺን አንዲቷን ያቆይልኝ።

ከሆስፒታሉ እስክመለስ ያልጠበቅኩት፣ ከዚያ በኋላ እጄ መስመር እንደማይጠብቅልኝ ስለማውቅ ነው።

እናትሽ
ብርቅነሽ