ከአጥር ያለፈው

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ናጅዋ። የምትሠሪበትን ቤት አላህ የእዝነት ቤት ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መርሳ ዝናብ ዘግይቶባታል፤ ላሚቱ ግን ወልዳለች፣ ጥጃዋ እንዳንቺ ልበ ደረቅ ናት።

ወንድምሽ ዓሪፍ አጥሩን ሲያድስ ወደ መንገዱ የወጣውን የማንጎ ቅርንጫፍ ልቁረጠው አለ። «አላፊ አግዳሚው ነው የሚለቅመው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይላል። መጥረቢያውን ከእጁ ነጠቅሁት። አያትሽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከዚያ ቅርንጫፍ አንዲት ፍሬ አስነክተውን ያውቃሉ? «ከአጥር ያለፈው የመንገደኛ ሐቅ ነው» ይሉ ነበር። የበላውም ሰው ዱዓ ሳያደርግላቸው አይሄድም።

አንቺ ጅዳ የሄድሽ ሰሞን ደግሞ ከሥሩ ብቻቸውን ቁጭ ብለው «ያ ረብ፣ የእኔም ልጅ መንገደኛ ናት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ይህን ብነግረው ዓሪፍ ቅርንጫፉን ትቶ አጥሩን ዝቅ አደረገው።

ናጅዋዬ፣ በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትይኝ። በደረስሽበት ሁሉ አላህ ሰው ይስጥሽ፣ አሚን በይ። እስቲ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ እዚያስ ላንቺ ከአጥር ያለፈ ቅርንጫፍ አለ?

እናትሽ ኢሕሳን