ስለ ተሰነጠቀው ግንብና ስለ ዲጂታል አመራርዎ

ለተከበሩ የግንባታ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወንበርዎና የኢንተርኔት መስመርዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ፣ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ የሚሠራው የትምህርት ቤት ሕንፃ የሳይት መሐንዲስ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም።

ጽሕፈት ቤትዎ ከወረቀት ገላግሎን ሁሉን በስልክ እንድንልክ ስላደረገን ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ቅሬታ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ከመሠረቱ ጉድጓድ አጠገብ ያለው አሮጌ የአጥር ግንብ በዝናቡ መሰንጠቁን በመተግበሪያዎ ከነፎቶው ላክሁ። በደንብዎ መሠረት ሥራ የሚቆመው በእርስዎ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዙም የሚወጣው ከእርስዎ ስልክ ብቻ ነው። እርስዎ ግን በጣና ዳር ሆቴል ስለ «ዲጂታል አመራር» እየሠለጠኑ እንደነበርና በሥልጠናው ስልክ ማጥፋት ግዴታ እንደሆነ ጸሐፊዎ በትሕትና ነገሩኝ።

ሁለተኛ፣ እኚሁ ጸሐፊ ፎቶውን አትሜ፣ ማህተም አስመትቼ በመዝገብ ቤት በኩል እንዳስገባ መከሩኝ። አደረግሁት። መዝገብ ቤቱ ደግሞ አቤቱታ በወረቀት መቀበል ቀርቷል ብሎ መለሰኝ። ለዚህ ጽናትዎ ልዩ ምስጋና አለኝ።

ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹን ከጉድጓዱ ላስወጣ ብል ተቋራጩ ያለ ትእዛዝ አላቆምም አለ። በሳምንቱ ግንቡ ተናደ። ከሥሩ ገድሉ ነበር። ገድሉ ከመራዊ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስልኬ መልስ ሰጥቶ እንደሆነ እየጠየቀ ይቀልድብኝ ነበር። ባለቤቱ አደይ ሬሳውን ስትረከብ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አላለቀስሁም፤ አልተቆጣሁም። ደንዝዣለሁ። መተግበሪያዎ ይህን የሚሞሉበት ቦታ የለውም።

ከሥልጠናው ላገኙት የምስክር ወረቀት እንኳን ደስ ያለዎ እያልሁ፣ ስልክዎን የሚከፍቱበትን ቀን በትዕግሥት የምጠብቅ ታዛዥዎ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሰብለ ወንጌል ሀብተ ሥላሴ
ባሕር ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ከቀብር ስመለስ የመተግበሪያዎ መልስ ስልኬ ላይ ደረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። ግንቡ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ ካልላክሁ ጥያቄዬ እንደሚዘጋ ይገልጻል። ግንቡ ስለሌለ የገድሉን መቃብር ፎቶ አንሥቼ ልኬያለሁ።